ከጋለች በኋላ አልነሣም ስለምትል አሮጌ አውቶሞቢል

በብዙ ሰው ግቢ ውስጥ ከአባት ለልጅ የተላለፈች አንዲት አሮጌ አውቶሞቢል ትገኛለች። እንደ ቤተ ሰብ ተቈጥራ ስም ይወጣላታል፤ በበዓል ዋዜማ ትታጠባለች፤ በታመመች ጊዜም የቤቱ ሰላም ይታወካል። ከእነዚህም መካከል ጧት በብርድ በአንድ ቍልፍ ተነሥታ፥ መንገድ ሄዳ ከጋለች በኋላ ግን ጥቂት ቆማ እንደ ገና ሊያስነሡአት ሲሉ እንቢ የምትል አለች። ይህ በሽታ እጅግ የሚያሳፍር ነው። በገዛ ቤት ደጅ አይነሣም፤ ሁልጊዜ በሰው ፊት፥ በገበያ መካከል፥ በለቅሶ ቤት በር፥ በቤንዚን ማደያ ይነሣል እንጂ። እኛም ይህን ነውር ሁለት ዓመት ተሸክመን ስለ ኖርን፥ ፈውሱንም በብዙ ድካምና ጥቂት በማይባል ብስጭት ስላገኘነው፥ ለአንባቢዎች ይጠቅም ዘንድ ነገሩን እንደ ሆነ ለመጻፍ ወደድን።

የእኛይቱ ሕዝቡ ቮልስ እያለ የሚጠራት ቮልስዋገን ናት። ከባለቤታችን አባት የወረስናት ስለ ሆነች እሸጣለሁ ማለት በቤታችን የማይነገር ቃል ነው። የዚችን አውቶሞቢል ሥራ ያሰበው ፌርዲናንድ ፖርሸ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጀርመን አገር በቮልፍስቡርግ ከተማ በብዛት መሠራት ጀመረች፤ በመጨረሻም በሜክሲኮ አገር በፑኤብላ ፋብሪካ በአውሮጳውያን አቈጣጠር በ2003 ዓመት መሠራትዋ እስኪቆም ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። ወደ አገራችንም ብዙ ገብታ ከአስተማሪው እስከ ሹሙ ሁሉም ነድቶአታል። በመስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወርደው ከቤተ መንግሥት የወጡት በዚችው ዓይነት አውቶሞቢል መሆኑን በዘመኑ የነበረ ሁሉ ያስታውሰዋል።

ሞተርዋ በስተኋላ፥ የቤንዚን ማጠራቀሚያዋ በስተፊት፥ ባትሪዋም ከኋላ መቀመጫ በታች ነው። እንደ ሌሎቹ በውሃ አትበርድም፤ ሞተርዋን የሚያበርደው ነፋስ ነው፤ ነፋሱንም የሚነፋው ሞተሩ ራሱ የሚያዞረው ማራገቢያ ነው። ይህን አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ወደ ፊት እንፈልገዋለንና።

በ2016 ዓ.ም. በግንቦት ወር እንዲህ ሆነ። በአዳማ የሚኖሩት እናታችን ዓይናቸው በሞራ ተጋርዶ የሰውን መልክ ለይተው ለማየት አልቻሉም ነበር። በአዲስ አበባ ያለው ሐኪም ሞራውን የሚያወጣበትን ቀን ቈርጦ ከቀትር በኋላ በስምንት ሰዓት እንድናደርሳቸው አዘዘን። በዋዜማው ከባለቤታችን ጋር ወርደን ዐደርንና በማግስቱ በአራት ሰዓት ይዘናቸው ተነሣን። የፍጥነቱን መንገድ ትተን፥ እናታችን ፍጥነት ስለማይወዱ፥ በአሮጌው መንገድ በሞጆ በኩል መጣን። ፀሐዩ ጽኑ ነበር፤ ከፊታችን የሚሄዱት የጭነት መኪናዎች ደግሞ ብዙ ስለ ነበሩ ቮልሳችን በዝቅተኛ ማርሽ ስትጮህ እስከ ቢሾፍቱ ደረሰች። በቢሾፍቱም ቤንዚን ለመቅዳት ሞተሩን አጠፋን። ቀድተን ሒሳቡን ከፍለን ቍልፉን ብናዞር አንዲት ደካማ ድምፅ «ቀጭ» ብላ ዝም አለች። ደግመን አዞርን፤ ያችኑ አሰማችን። ሦስተኛ ብናዞር እርስዋም ቀረች።

ከኋላችን የተሰለፉት ባለ መኪናዎች ጡሩምባ ይነፉብን ጀመር። ባለቤታችን ወርዳ ልትገፋ ሄደች፤ ሁለት ወጣቶችም መጡ። በመስታወት ወደ ኋላ ብናይ እናታችን በትራቸውን ለማደያው ልጅ ሰጥተው፥ በዳሰሳ ዞረው፥ በአውቶሞቢሊቱ ጀርባ ላይ ሁለቱን እጆቻቸውን አሳርፈው ቆመዋል። «እማማ፥ ይተዉ እባክዎ!» ብትላቸው ባለቤታችን፥ «ለእኔ ስትሉ አይደል የመጣችሁት፥ ልግፋ እንጂ» አሉ። ይህን ነገር ዛሬም ባሰብነው ቍጥር ፊታችን ይቀላል።

በሁለተኛ ማርሽ ተገፍታ ተነሣች። ነገር ግን አቃቂ ስንደርስ መንገዱ በመኪና ተጨናንቆ ኖሮ ሞተሩ ጠፋብንና እንደ ገና አልነሣም አለች። ሜዳው ጠፍጣፋ፥ የሚገፋም ሰው የሌለበት ስለ ነበረ፥ እስክትበርድ ድረስ በዛፍ ጥላ ተቀመጥን። ከሐኪሙ ቤት የደረስነው ከዐሥር ሰዓት በኋላ ነው። ሐኪሙ ሄዶአል፤ ጸሓፊውም መዝገቡን ገልጦ ከሁለት ወር በኋላ ያለ ቀን ሰጠን። እናታችን አልተቈጡም። በመመለሻው ላይ ብቻ፥ «ልጄ፥ ይህችን ሸጠህ በቅሎ ብትገዛ ይሻልሃል፤ በቅሎ እንቢ ስትል ምክንያትዋን ሰው ያውቀዋል» አሉን።

በዚያው ሳምንት ወደ አንድ መካኒክ ዘንድ ወሰድናት። እርሱም ቍልፉን እንኳ ሳያዞር ነገሩን ከሰማ በኋላ «ሞተሪኖው ነው፤ መለወጥ አለበት» ብሎ ፈረደ። ሞተሪኖ የሚባለው ቍልፉ ሲዞር ሞተሩን የሚያንቀሳቅሰው የኤሌክትሪክ መዘውር ነው። ለልጆች ትምህርት ቤት ካስቀመጥነው ገንዘብ አንሥተን አዲስ ገዛን። ስምንት ቀን ደኅና ሠራች። በዘጠነኛው ቀን ከቀትር በኋላ ከአንድ ወዳጃችን ቤት ስንወጣ «ቀጭ» አለች።

እኛ ኑሮአችን በፍርድ ቤት መዝገብ መጻፍ ነው፤ ምስክር ሳይሰማ የተፈረደበት ሰው ስንት ጊዜ ይግባኝ ብሎ ነጻ እንደሚወጣ እናውቃለን። በገዛ ነገራችን ግን ምስክር ሳናሰማ ሞተሪኖውን ቀጣን። ምስክርነቱን የሰጠችው ባለቤታችን ናት። በዚያው ምሽት እራት ላይ ሳለን፥ «አንድ ነገር አስተውያለሁ። እንቢ ባለች ጊዜ ሁሉ ደጁ ክፍት ከሆነ የጣራው መብራት አይደበዝዝም፤ ቍልፉን ስታዞሩትም እንደ በራ ነው» አለች። እኛም ምን ይሁን ብለን ነገሩን ችላ አልነው። ኋላ ግን የምስጢሩ ቍልፍ ይኸው ሆኖ ተገኘ።

በሠፈራችን አንድ አረጋዊ መካኒክ አሉ፤ ከሥራ ካረፉ ቈይተዋል። ሄደን ጕዳዩን ብንነግራቸውና የመብራቱንም ነገር ብንጨምር፥ «ይህን ያየው ማን ነው?» አሉ። «ባለቤታችን ናት» አልናቸው። «እንግዲያው ከእናንተ ይልቅ እርሳቸው መካኒክ ናቸው» አሉና እንዲህ ሲሉ አስረዱን፦ ቍልፉ ሲዞር መብራቱ እጅግ ከደበዘዘ ኤሌክትሪኩ ከባትሪው በብዛት እየወጣ ነው ማለት ነው፤ እንግዲህ ወይ ባትሪው ደክሞአል፥ ወይ ሞተሪኖው ተይዞአል። መብራቱ እንደ በራ ከቀረ ግን ኤሌክትሪኩ ከባትሪው አልወጣም፤ በመንገድ ላይ የያዘው ነገር አለ። ይህን ለማየት ማንም ሰው ምንም መሣሪያ አያስፈልገውም።

ቀጥለውም፥ «አሁን ቀዝቅዛለች፤ የቀዘቀዘችውን አላያትም። ሰበታ ድረስ ነድታችሁ እንደ ጋለች አምጡልኝ» አሉን። እንዳሉን አደረግን። ከግቢያቸው ገብተን ሞተሩን አጥፍተን አንድ ሩብ ሰዓት ያህል አቆምናት። ለምን ወዲያው እንዳልሞከሩአት ስንጠይቃቸው፥ ከላይ ይያዝልን ያልነው ነገር መጣ። አውቶሞቢሊቱ ስትሄድ ማራገቢያው ሞተሩን ያለ ማቋረጥ ይነፋዋል። ሞተሩ ሲጠፋ ማራገቢያውም ይቆማል፤ በብረቱ ውስጥ የተከማቸው ሙቀት ግን አይቆምም፤ ወደ ቅርቡ ነገር ሁሉ ይሰራጫል። ስለዚህ ከጠፋ በኋላ ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ሞተሪኖውም፥ ሽቦውም፥ የቤንዚኑ ፓምፕም ከመንገዱ ጊዜ ይልቅ ይግላሉ።

ከዚያ ወዲያ መለኪያቸውን አወጡ። ቍልፉን ስናዞር በባትሪው ላይ ከ12 ቮልት ያላነሰ ተገኘ። ከሞተሪኖው ጫፍ ያለችውን፥ 50 የሚል ቍጥር የተጻፈባትን ትንሽ መያዣ ሲለኩ ግን ከ8 ያነሰ ሆነ። ከሦስት እጅ አንዱ በመንገድ ቀርቶአል ማለት ነው። «እንሆ ሌባው በመንገድ ነው» አሉ።

መንገዱም ረጅም ነው። ከኋላ መቀመጫ በታች ካለው ባትሪ የተነሣው ኤሌክትሪክ ወደ ፊት ሄዶ፥ ከመሪው አጠገብ ካለው ቍልፍ ደርሶ፥ እንደ ገና ወደ ኋላ ተመልሶ ሞተሪኖው ላይ ወዳለው ሶሌኖይድ ይደርሳል። ሶሌኖይድ ማለት የሞተሪኖውን ጥርስ ገፍቶ ከሞተሩ ጥርስ ጋር የሚያገጣጥመው ማግኔት ነው፤ ለአንድ አፍታ ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል። ሽቦውና ቍልፉ አዲስ በነበሩበት ዘመን ይህ ሁሉ ጕዞ አያስቸግርም ነበር። ዛሬ ግን ከሃምሳ ዓመት በኋላ የቍልፉ ውስጥ ተበልቶአል፤ መያዣዎቹ ዝገዋል። በዚህም ላይ መዳብ በጋለ ቍጥር ኤሌክትሪክን ማሳለፍ ይከብደዋል፤ በ50 ዲግሪ ሲጨምር አንድ አምስተኛ ያህል ይብስበታል። ሶሌኖይዱም ራሱ የመዳብ ሽቦ ጥቅልል ስለ ሆነ በጋለ ጊዜ ጕልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ጧት በጭንቅ የሚበቃው ኃይል ከቀትር በኋላ አይበቃም። በሽታው ሁሉ ይህ ነው። የቀድሞዎቹ ቮልሶች በ6 ቮልት የሚሠሩ ስለ ነበሩ በእነርሱ ላይ ይብሳል።

ሥራው የተጀመረው ከማጽዳት ነው። የባትሪውን ሁለት መያዣዎች ፈትተው ፋቁ። ከዚያም ብዙ ሰው የማያውቀውን ነገር አሳዩን፤ የማርሹ ሳጥን በጎማ ላይ የተቀመጠ ስለ ሆነ ከአውቶሞቢሊቱ አካል ጋር በኤሌክትሪክ የሚያገናኘው አንድ እንደ ጠፍጣፋ መቀነት የተጠለፈ ሽቦ ከፊቱ ጫፍ ታስሮአል። የእኛው በጭቃና በዝገት ተሸፍኖ ግማሹ ተበጥሶ ነበር። እርሱን በአዲስ ለወጡት። ይህ ብቻ ሲደረግ መለኪያው ጥቂት ከፍ አለ፤ ግን አልበቃም።

ዋናው ፈውስ ሪሌ የምትባል፥ በእጅ መዳፍ የምትያዝ፥ ዋጋዋም ከሞተሪኖው ጋር የማይወዳደር ትንሽ ዕቃ ሆነች። ነገርዋን በአገራችን ሥርዓት ብንመስለው፥ ጌታው ራሱ ሸክም አይሸከምም፤ ለአሽከሩ በቃል ያዘዋል፥ አሽከሩም ይሸከማል። የቍልፉ አሮጌ ሽቦ ከእንግዲህ ወዲህ ትእዛዝ ብቻ ለሪሌዋ ያደርሳል፤ ለትእዛዝ ደግሞ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይበቃል። ሸክሙን ከባትሪው በቀጥታ የመጣ አጭርና ወፍራም ሽቦ ይሸከመዋል። በሪሌዋ እግሮች ላይ ቍጥሮች ተጽፈዋል፤ ከባትሪው የመጣው ወፍራሙ ሽቦ በ30፥ ወደ ሞተሪኖው የሚሄደው በ87፥ የቍልፉ አሮጌ ሽቦ በ86፥ ወደ አካሉ የሚታሰረው በ85 ይገባል። ከባትሪው በሚነሣው ሽቦ ላይ ፊውዝ ማግባት ግዴታ ነው። ሥራው ሲጀመርም አስቀድሞ የባትሪው ኔጋቲቭ ይፈታል። ሁሉም ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ተፈጸመ፤ ከዚያም ሰበታ ደርሰን ተመልሰን በትንሽዋ መያዣ ላይ ብንለካ ከ11 ቮልት በላይ ሆነ።

ያወጣነው አዲስ ሞተሪኖ ምን ሆነ የሚል አንባቢ ቢኖር፥ በቦታው አለ፤ አሮጌውም ምንም ነውር ሳይኖርበት በጓዳ ተቀምጦአል።

ከጋለች በኋላ እንቢ የምትል ሁሉ ግን በሽታዋ ይህ ነው ማለት አይደለም። ሞተሪኖው በደንብ እየዞረ ሞተሩ ካልተነሣ፥ ጠፊው ወይ ቤንዚኑ ወይ እሳቱ ነው። ስለ ቤንዚኑ አስቀድሞ በአፍንጫ ይመረመራል። ከሞተሩ የቤንዚን ሽታ በብርቱ ከመጣ፥ በካርቡራተሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን በሙቀቱ ፈልቶ ሞተሩን አጥለቅልቆታል። በዚህ ጊዜ አብዛኛው ሰው የሚሠራው ስሕተት የነዳጁን መርገጫ ደጋግሞ መምታት ነው። ካርቡራተሩ በተረገጠ ቍጥር ቤንዚን የሚረጭ ትንሽ ፓምፕ ስላለው፥ ይህ በጠገበ ሰው አፍ እንጀራ እንደ መጠቅጠቅ ነው። ይልቅስ መርገጫውን ቀስ ብሎ እስከ ወለሉ ረግጦ፥ ሳይለቁ ይዞ፥ ቍልፉን ማዞር ነው፤ አየር በብዛት ገብቶ ትርፉን ቤንዚን ያወጣዋል።

ሽታ ከሌለ ደግሞ ቤንዚኑ በፓምፑ ወይም በቧንቧው ውስጥ ተን ሆኖ መንገዱን ዘግቶት ይሆናል። በከፍተኛ አገር የአየሩ ጫና ስለሚያንስ ፈሳሽ ሁሉ ቶሎ ይፈላል፤ ውሃ እንኳ በአዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ቤንዚን ደግሞ ከውስጡ ቀላሉ ክፍል ከ40 ዲግሪ በታች መትነን ይጀምራል። በፓምፑ ላይ ብቻ ርጥብ ጨርቅ አድርጎ ጥቂት መታገሥ ይጠቅማል፤ ውሃው ግን ወደ ካንዴላዎቹ ሽቦ እንዳይደርስ።

የእሳቱ ነገር የቦቢናውና የኮንደንሰሩ ነው፤ ሁለቱም ቀዝቅዘው ደኅና ሠርተው ሲግሉ ሊደክሙ ይችላሉ። ይህን በካንዴላ ሽቦ የሚፈትን ሰው የቤንዚን ሽታ ባለበት ፈጽሞ አይፈትን። እንዲሁም የቫልቮቹ ክፍተት ከጠበበ፥ በአብዛኞቹ የኋለኞቹ ቮልሶች ልኩ 0.15 ሚሊሜትር ነው፥ ሞተሩ ሲግል ቫልቩ ሳይዘጋ ይቀርና ጕልበት ያጣል። ይህ የሚስተካከለው ሞተሩ ፈጽሞ ቀዝቅዞ ካደረ በኋላ በማለዳ ነው፤ በጋለ ሞተር ላይ እናስተካክል የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ ዕቃችሁን ሰብስባችሁ ሂዱ።

ስለ ልጆችና ስለ እሳት ሦስት ነገር ሳንናገር አናልፍም። አንደኛ፥ ባትሪው ከኋላ መቀመጫ በታች ስለ ሆነ፥ መሸፈኛው ከጠፋ ከባድ ሰው በተቀመጠ ጊዜ የመቀመጫው የሽቦ ምንጭ የባትሪውን መያዣ ነክቶ መቀመጫውን ሊያነድደው ይችላል። የእኛም መሸፈኛ አልነበረውም፤ ሦስቱ ልጆቻችን ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ላይ ሲቀመጡ ኖረዋል። ሁለተኛ፥ በሞተሩ ዙሪያ ያለው የቤንዚን ጎማ ቱቦ ሲያረጅ ይሰነጠቃል፤ የቮልስ ሞተር አካል ደግሞ ማግኔዚየም ያለበት ስለ ሆነ አንዴ ከተያያዘ በውሃ አይጠፋም። ቱቦው በእጅ ሲታጠፍ የሚሰነጠቅ ከሆነ ያን ቀን መለወጥ ነው። ሦስተኛ፥ አንዳንድ ሰው እንቢ ባለች ጊዜ ከሥርዋ ገብቶ በካቻቢቴ ሁለቱን የሞተሪኖ መያዣዎች ያገናኛል። ማርሽ ውስጥ ገብታ ከሆነ ተነሥታ በላዩ ትሄድበታለች። ከዚህስ እንደ እናታችን መግፋት ይሻላል።

የሐምሌው ቀጠሮ ደረሰ። ከአዳማ ስንነሣ እናታችን ምንም አልተናገሩም፤ በትራቸውን ብቻ ከጕልበታቸው መካከል ይዘው ተቀመጡ። ቢሾፍቱ ስንደርስ ማጠራቀሚያችን ሙሉ ሳለ ሆነ ብለን ወደዚያው ማደያ ገባን፤ ሞተሩንም አጠፋን። ባለቤታችን ምን ልትሠሩ ነው በሚል ዓይን አየችን። ሻይ ጠጥተን አንድ ሩብ ሰዓት አስቈጥረን ስንመለስ እናታችን ደጁን ከፍተው አንድ እግራቸውን መሬት አውርደው ኖሮ፥ «ልውረድ ወይስ ልቈይ?» ሲሉ ጠየቁን። ቍልፉን አዞርነው። ሞተሩ ገና እጃችን ሳይመለስ ተነሣ።

ከሐኪሙ ደጅ በሰባት ሰዓት ተኩል ደረስን። ሞራው በዚያው ቀን ወጣላቸው። በማግስቱ መሸፈኛው ተፈትቶ፥ እጃቸውን ይዘን ወደ ግቢው ብናወጣቸው፥ ከቮልሳችን ፊት ቆመው ብዙ ጊዜ አዩአትና፥ «ሰማያዊ ናት እንዴ? እኔ እኮ ዐመድማ ትመስለኝ ነበር» አሉ።